እስካቫተራችን ጠዋት ቁፋሮ ቶሎ የማይጀምረው ለምንድን ነው?

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን አዳማ ውስጥ ማሽን ያከራየናችሁ ብዙዎቻችሁ አንድ ነገር ጠይቃችሁናል። «ኦፕሬተሩ በሰዓቱ ይመጣል፤ ግን 20 ደቂቃ ማሽኑን ሲዞርና ሲያይ ይቆያል። በሰዓት እየከፈልን ለምን ይቆማል?» ተገቢ ጥያቄ ነው። ሂሳቡን በተመለከተ አትስጉ፤ ያንን 20 ደቂቃ አናስከፍልም። ሰዓት የምንቆጥረው ቁፋሮ ሲጀመር ነው።

ምክንያቱን ግን በግልጽ ልንነግራችሁ ይገባል። ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ ኦፕሬተር ቀጠርን። ለዓመታት እስካቫተር የነዳ፣ እጁ የተፍታታ ሰው ነው። ልምዱን አይተን በደንብ ሳንፈትነው ሳይት ላክነው። የመሠረት ጉድጓዱ ውስጥ ሜትር የያዘ ልጅ ቆሟል። ኦፕሬተሩ ስቲኩን፣ ማለትም ባልዲውን የያዘውን የፊተኛውን ክንድ፣ ወደ ውጭ ሊዘረጋ የግራውን ሊቨር (የመቆጣጠሪያ እጀታ) ወደ ፊት ገፋ። ስቲኩ አልተዘረጋም፤ ከካቢኑ በኩል የሚነሳው ትልቁ ክንድ፣ ቡሙ፣ ወረደ። ባልዲው ከልጁ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት አረፈ። ኦፕሬተሩ ሞተሩን አጥፍቶ ሲወርድ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ጥፋቱ የእኛ ነው። የእስካቫተር ሊቨሮች አሠራር አንድ ዓይነት አይደለም። በአንዱ ማሽን ስቲኩን የሚዘረጋው እንቅስቃሴ በሌላው ቡሙን ያወርዳል። ሰውዬው የለመደው ሌላኛውን ነበር። ሰው ሲደነግጥ ወይም ሲቸኩል ደግሞ እጁ የሚሄደው ወደ ለመደው ነው።

ከዚያ ወዲህ ማንም ኦፕሬተር፣ የቱንም ያህል ልምድ ቢኖረው፣ ባዶ ሜዳ ላይ ሳይሠለጥን ሳይት አይወጣም። መጀመሪያ የሚማረው መቆፈር አይደለም። ማሽኑ የሚሄድበትን ቼይን የሚያዞረው ጥርሳም ጎማ የት እንዳለ ማየት ነው። ጥርሱ ከኋላው ከሆነ ኦፕሬተሩ ሊቨሩን በገፋበት አቅጣጫ ማሽኑ ይሄዳል። ካቢኑ ዞሮ ጥርሱ ከፊቱ ከመጣ ግን ወደ ፊት ሲገፋ ማሽኑ ወደ ኋላ ይሄዳል። ይህን ሳያይ የነካ ኦፕሬተር ግድግዳ ያፈርሳል፤ ሰውም ይጨፈልቃል።

ጠዋት ሲዞር የሚያየው ደግሞ በተለይ የዘይት ሆዞቹን ነው። የመኪናችሁ ጎማ ውስጥ ያለው ግፊት 2 ወይም 3 ባር ቢሆን ነው። ትልቅ እስካቫተር ውስጥ ያለው የሃይድሮሊክ ዘይት ከ300 ባር ያልፋል። በመርፌ ቀዳዳ የሚወጣ ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል። ቁስሉ ትንሽ ነው፤ ብዙም ላያም ይችላል። ግን ሰውዬው ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት ካልደረሰ እጁ እስከ መቆረጥ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ኦፕሬተሮቻችን ፍሳሽ የሚፈልጉት በካርቶን እንጂ በእጃቸው አይደለም። ሞተር መጥፋቱም ብቻውን አይበቃም። ባልዲው መሬት ላይ ካላረፈ ቡሙን የያዘው ዘይት እንደታመቀ ነው።

የከተማችንን አፈር ደግሞ ታውቁታላችሁ። ብዙ ቦታ ላይ እሳተ ገሞራ የተወው ልል አፈር ነው። ለመቆፈር ይቀላል፤ ለመደርመስም እንዲሁ። ጠዋት ቀጥ ብሎ የቆመ የጉድጓድ ግድግዳ ከሰዓት ሊናድ ይችላል። ስለዚህ ኦፕሬተሩ የወጣውን አፈር ከጉድጓዱ አፍ ቢያንስ 1 ሜትር አርቆ ይደፋል። ቦታ ጠበበን፣ ጠጋ አድርገህ ድፋ አትበሉት እባካችሁ።

ከእናንተ የምንለምነው ሦስት ነገር ነው። ማሽኑ ሲሠራ ጉድጓድ ውስጥ ሰው አይግባ። ከማሽኑ ጀርባም ማንም አይቁም፤ ካቢኑ ሲዞር ከኋላ ያለው ከባድ ብረት አብሮ ይዞራል፤ ከግንብና ከማሽን መሃል የገባ ሰው ማምለጫ የለውም። ለኦፕሬተሩ ምልክት የሚሰጠውም አንድ ሰው ብቻ ይሁን። ፎርማኑም፣ ባለቤቱም፣ ሲኖ ትራኩን የሚነዳውም እጃቸውን ካወዛወዙ ማንን ይስማ?

ኦፕሬተሩ «እዚህ አልቆፍርም» ካለ ደግሞ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ተጠግቶት ወይም መሬቱ ተሰንጥቆ አይቶ ነው። እንዲያቆም ሥልጣን የሰጠነው እኛ ነን። ወደ ቢሮ ደውላችሁ «እዘዙልን» ብትሉን አናዝዘውም። መጥተን አብረን እናያለን፤ የቆመበትንም ሰዓት አናስከፍልም።

ቅዳሜ ጠዋት ሥልጠና ስላለን ለኪራይ የሚወጣው አንድ ማሽን ብቻ ነው። ለቅዳሜ የምትፈልጉ እስከ ሐሙስ ድረስ ንገሩን።

ከአክብሮት ጋር፣
የማሽን አከራያችሁ፣ አዳማ