ለፋሲካ ከመምጣትህ በፊት

ውድ አባዬ፣

እንዴት ሰነበትክ? ጉልበትህን ተሻለህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ባለፈው በስልክ ስለ ልጅ ልጅህ አመጋገብ ስትጨነቅ አንጀቴን በላኸው። "አታባብሉት፣ ሲርበው ይበላል" አልከኝ። ለብዙ ልጅ ይሠራል፤ እኛንም ያሳደግከን እንደዚያ ነው። ለእሱ ግን አይሆንም። ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ልጆች ምግቡ ካልተስማማቸው ጦማቸውን ይውላሉ። ረሃቡ ራሱ በቅጡ የማይሰማቸውም አሉ።

ቅብጠት አይደለም አባዬ። አፉ የሚሰማው ከእኛ ይለያል። እንጀራ ለእሱ እርጥብ ነው፣ ይኮመጥጠዋል። ወጥ ሲነካው ደግሞ ሌላ ነገር ይሆንበታል። ትናንት ዳቦውን እየበላ ሽሮ ጫፉን ነካበት። የነካውን ቆርሼ ብጥልለትም ዳቦውን ገፋ አድርጎ ተነሳ። የሚበላው ነጭ ፓስታ፣ ድንች ቅቅልና ዳቦ ቆሎ ነው። ዳቦ ቆሎ ትናንትም ዛሬም ያው ነው፤ ጣዕሙም፣ ሲነከስ ድምፁም። የሚያውቀው ነገር ያረጋጋዋል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ዶክተር ሊዮ ካነር እ.ኤ.አ. በ1943 ስለ ኦቲዝም ሲጽፍ፣ ካያቸው 11 ልጆች የበርካቶቹ የመብላት ችግር ከሕፃንነታቸው የጀመረ ነበር።

ችላ ብለነዋል ብለህ ግን አታስብ። የደም ማነስ እንዳይኖርበት አስመርምረነዋል፤ የሆድ ድርቀቱንም ሐኪሟ እየተከታተለችው ነው። አዲስ ምግብ በትንሹ፣ በሌላ ሳህን አጠገቡ እናስቀምጣለን። ብላ አንለውም። አንድ ልጅ አዲስ ምግብ እስኪቀምስ አሥር ጊዜና ከዚያም በላይ ሊቀርብለት ይችላል። በቀደም ሙዝ አንስቶ አሸተተና መለሰው። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

አንድ ነገር ልለምንህ። አታጉርሰው። ጉርሻህ ፍቅር መሆኑን እኔ አውቃለሁ፤ እሱ ግን ሳያየውና ሳይነካው አፉ የሚገባ ነገር ያስደነግጠዋል። አጠገቡ ተቀምጠህ የራስህን ብላ፤ ሰው ሲበላ ማየት ይወዳል። የበዓሉ ዕለት እኛ ዶሮ ወጣችንን ስንበላ እሱ ድንቹን ይብላ። ለአጎቶቹም አንተ ንገርልኝ፤ ያንተን ቃል ይሰማሉ።

አክስቴ ዳቦ ቆሎ ልትልክለት ከሆነ በርበሬ እንዳታስገባበት። እኩል እኩል አድርጋ ብትቆርጠው ደግሞ በጣም ይወደዋል።

ልጅህ