ለጠዋት 12 ሰዓት ሰዎቼ

እንደምን ሰነበታችሁ ጎረቤቶቼ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ እዚህ ጎንደር፣ አራዳ ገበያ አጠገብ መኪናዬ ላይ ተጎንብሼ የምውል ሰው። መጻፍ አልለመደብኝም። ግን ባለፈው ሳምንት የደም ምርመራ ውጤቴን ይዤ ስወጣ ለማን ቀድሜ እንደምናገር ግራ ገባኝ። ስለዚህ ሁላችሁንም እዚሁ ላመስግን።

የዛሬ ዓመት ከመንፈቅ፣ ምግብ ሳልቀምስ ስመረመር ስኳሬ 118 ነበር። ጤና የሚባለው ከ100 በታች ነው፣ 126 ከደረሰ የስኳር በሽታ ይባላል። እኔ መሃል ላይ ተንጠልጥያለሁ። ከዚያ በፊትም አንድ ክሊኒክ «ትንሽ ከፍ ብሏል፣ አታስብ» ብለው ሸኝተውኝ ነበር። እኔም አላሰብኩም። አያም፣ አያሳክክ፣ ምን ብዬ ላስብ? ታላቅ ወንድሜም እንዲሁ ሳያስብ ቆይቶ ነው የእግሩን ጣት ያጣው።

መጀመሪያ የማመሰግነው የሰፈራችንን ልጅ፣ ነርሷን ነው። የእድር ስብሰባ ላይ፣ ሰው ሁሉ ለመሄድ ነጠላውን ሲያስተካክል፣ «አንድ ጊዜ ስሙኝ» ብላ ቆመች። አሜሪካ ውስጥ እንደኔ አፋፍ ላይ የነበሩ 3,234 ሰዎች ተጠንተው ውጤቱ በፈረንጆቹ 2002 ወጥቷል አለች። ከክብደታቸው 7 በመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ የተመደቡት፣ በሦስት ዓመት ገደማ ውስጥ በስኳር የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። ሜትፎርሚን የሚባለውን ኪኒን የዋጡት በ31 በመቶ። ከኪኒን እግር በለጠ ማለት ነው። እኔ 86 ኪሎ ነበርኩና አሰላችልኝ። «ስድስት ኪሎ» ስትለኝ፣ አዲስ አበባ ልትልኪኝ ነው እንዴ ብዬ ሰውን አሳቅኩ። ውስጤ ግን አልሳቀም።

የእድራችን ዳኛ፣ እግዜር ይስጥዎት። «ለቅሶ ሲሆን በአንድ ሰዓት ድንኳን እንተክላለን፣ ለመራመድ ሰው እስኪሞት ነው የምንጠብቀው?» ብለው አፋጠጡን። ከዚያ ወዲያ በሳምንት አምስት ቀን፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ከፒያሳ ወደ ጎሃ አቀበት ግማሽ ሰዓት። የቀረ 10 ብር ይቀጣል፣ ቅጣቱም ሚዛን ተገዛበት። ቅዳሜ ቅዳሜ ኪሎአችን ከወር መዋጮው ጎን መዝገብ ላይ ይሰፍራል። የወገብ ልኬቱ በኔ ሜትር ነው። እውነቱን ልናገር፣ ብቻዬን ብሆን በሁለተኛው ሳምንት እተወው ነበር። በዚያ የጎንደር ብርድ ከብርድ ልብስ የሚያስወጣኝ ስኳሩ ሳይሆን በሩ ላይ ቆመው «ጋሼ! ዛሬም ተኛህ?» የሚሉት ጎረምሶች ናቸው።

ባለቤቴን ደግሞ ስለ ቡናው። አንድ ቀን ተቀምጠን ቆጠርነው። በሲኒ ሁለት ማንኪያ ስኳር፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ ያውም ጠዋትና ማታ። 12 ማንኪያ! እኔ እንጀራውን ስጠረጥር ጠላቴ ሲኒ ውስጥ ተቀምጧል። መጀመሪያ ወደ አንድ፣ ከዚያ ወደ ግማሽ፣ አሁን በጤና አዳም ብቻ እየጠጣሁ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ግን ቤቱ ለቅሶ ቤት መስሎ ነበር። እንጀራውን አልተውኩትም። አንድ ተኩል የነበረው አንድ ሆነ፣ ጎመኑና ሽሮው በዛ።

ከሁሉ የከበደኝ ሌላ ነው። እኛ አገር የወፈረ ሰው «ተመችቶታል» ይባላል፣ የከሳ ደግሞ ይታዘንለታል። ሦስት ኪሎ እንደቀነስኩ ደንበኞቼ «ምነው ከሳህ? አሞህ ነው?» ማለት ጀመሩ፣ አንዷማ ፀበል ውሰዱት ብላ ባለቤቴን መከረቻት። እህቴ «አፈር ስሆን፣ በሞቴ» እያለች ጉርሻ ስትደቅንብኝ እምቢ ማለት ከአቀበቱ ይከብዳል። አንድ ቀን ከኛ ጋር ጎሃ ወጣች፣ ቁልቁል ስንወርድ ወንድማችንን አነሳን፣ ከዚያ ወዲህ «አፈር ስሆን» ቀረች። እህቴ፣ ላንቺ የሚሆን ቃል የለኝም። የማህበራችን ሙሴም በየወሩ ጠበል ጻድቃችን ላይ ከጠላው ጎን ውኃ እንዲቀርብ ስላደረጉ አመሰግናለሁ። ጠላው አልቀረም ደግሞ፣ እንዳታሟቸው።

እንግዲህ ያለፈው ሳምንት ውጤት 97 ነው። ክብደቴ 79። ነርሷ «በየዓመቱ ትመረመራለህ፣ ከተውከው ይመለሳል» ብላ ደስታዬን በልክ አድርጋልኛለች።

ኪሎ ለቀነሰ ሱሪ በነጻ አጠባለሁ ብዬ የማልኩት እኔው ነኝ። እስካሁን 11 ሱሪ አጥብቤያለሁ፣ ኪሳራ ነው፣ ግን ቃል ቃል ነው። እትየ፣ የርስዎም ቀሚስ ደርሷል፣ ወገቡን ሁለት ጣት አስገብቼዋለሁ። ሐሙስ ከእርምጃው ስንመለስ ይውሰዱት።