ለወንድሜ፣ ሂውስተን

አዳማ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፤ ለጤናህ እንዴት ከርመሃል? እኛ ሁላችንም ደኅና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ዝምታዬ ዓመታት ማስቆጠሩን አውቃለሁ። ይቅር በለኝ።

ቴክሳስ ውስጥ ፖሊስ አስቁሞ ካሰራት በኋላ በእስር ቤት ሞታ የተገኘችውን የሳንድራ ብላንድን ቪዲዮ ልከህ «ራሷን ገደለች ወይስ ገደሏት?» ያልከኝን አልረሳሁትም። ያልመለስኩልህ ነገሩን ንቄ ሳይሆን ጥያቄው ጎዶሎ ሆኖብኝ ነው። በአንድ ቃል ብመልስልህ ከሁለቱ ወገን ለአንዱ ተሰልፌ መቅረቴ ነበር። ሰሞኑን ታናሽ ወንድምህ ባጃጁን ይዞ እዚህ አዳማ ፍራንኮ ላይ ተራ ሲጠብቅ ሳየው ግን ዝም ማለቱ ከበደኝ። የሳንድራ ብላንድን ጉዳይ ለአንተ፣ ከእሱ የሚወጣውን ትምህርት ደግሞ ለእሱ ልጻፍ። የአሜሪካውን ዘመን በእነሱ፣ የአገራችንን ሕግ በእኛ አቆጣጠር አድርጌዋለሁ።

ነገሩ የሆነበት ፕሬሪ ቪው ካንተ ቤት ሩቅ አይደለም፤ አዲስ አበባ ከአዳማ ከምትርቀው ይቀርባል። ቀኑ ዓርብ ጁላይ 10፣ 2015 ነው፤ ከሰዓት በኋላ። የ28 ዓመቷ ሳንድራ ከቺካጎ አካባቢ የሄደችው በተማረችበት ዩኒቨርሲቲ ሥራ ልትጀምር ነው። የቴክሳስ ፖሊስ መኪና ከኋላዋ በፍጥነት ሲደርስባት መንገድ ልትለቅለት ወደ ዳር ወጣች፤ ፍሬቻ አላሳየችም። ጥፋቷ ይኸው ነው። ፖሊሱ መንጃ ፈቃዷን ወስዶ ጽፎ የመጣው የማስጠንቀቂያ ወረቀት ነው፤ የገንዘብ ቅጣት እንኳ የለውም። ይህን ልብ በልልኝ፤ ጉዳዩ በዚያች ደቂቃ አልቆ ነበር። ወረቀቱን ሰጥቶ መሸኘት ብቻ ነበር የቀረው። እሱ ግን የተከፋች ትመስያለሽ ብሎ አነሳባት፤ እሷም የተሰማትን ነገረችው። ሲጋራሽን አጥፊ አላት፤ በራሴ መኪና ውስጥ ለምን አጠፋለሁ አለችው። ከዚያ ውረጂ፣ አልወርድም፤ በሩ ተከፈተ፣ ቴዘር የሚሉት በኤሌክትሪክ የሚያደነዝዝ መሣሪያ ተደገነ። «አነድሻለሁ» ማለቱ በራሱ መኪና ካሜራ ተቀርጿል።

እዚህ ላይ ሁለቱም ተከራካሪ ወገኖች ሕጉን ይስቱታል። አንደኛው፣ ሲጋራ አጥፊ የማለት ሥልጣን ስለሌለው ውረጂ ማለትም አይችልም ይላል። ይችላል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1977 በሚምስ ጉዳይ፣ በሕጋዊ መንገድ የቆመን አሽከርካሪ ፖሊስ ከመኪናው ሊያስወርደው እንደሚችል ወስኗል። ስለዚህ አንተም ውረድ ከተባልክ ውረድ፤ ክርክሩን ለዳኛ አቆየው። ሁለተኛው ወገን ትእዛዝ እምቢ አለች፣ አለቀ ይላል። አላለቀም። ያው ፍርድ ቤት በኤፕሪል 2015፣ ሳንድራ ከመቆሟ ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ በሮድሪጌዝ ጉዳይ ማስቆሙ የትራፊኩን ሥራ ለመጨረስ ከሚበቃው ጊዜ በላይ ያለ በቂ ጥርጣሬ ሊራዘም አይችልም ብሎ ነበር። ወረቀቱ ተጽፎ ካለቀ የሲጋራው ንግግር የየትኛው ሥራ ክፍል ነው? እኔ መልስ አላገኘሁለትም። ከዚህ ሁሉ በታች ደግሞ የ2001ዱ ውሳኔ አለ፤ እዚያው ቴክሳስ ውስጥ ቀበቶ ባለማሰሯ የታሰረች እናት ከስሳ፣ ጥፋቱ ከ50 ዶላር በላይ የማያስቀጣ ሆኖ ሳለ፣ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ እስሩ ሕገ መንግሥቱን አልጣሰም ተባለ። በገንዘብ ብቻ በሚያስቀጣ ጥፋት ሰው እስር ቤት የሚገባበት በር እንዲህ ክፍት ሆኖ ነው የቆየው።

ሳንድራ ግን የተያዘችው በፍሬቻው አይደለም፤ የመንግሥት ሠራተኛን ደብድባለች ተብላ ነው። ሄምፕስቴድ ወዳለው የዎለር ካውንቲ እስር ቤት ወሰዷት። ዋስትናው 5,000 ዶላር ተባለ፤ በእዚያ አገር አሠራር አሥር በመቶውን፣ ማለትም 500 ዶላር ገደማ፣ ለዋስ ድርጅት የከፈለ ይወጣል። ለአገሩ ግን እንግዳ ናት፤ ቤተሰቧም ኢሊኖይ ነው። ቅዳሜ አለፈ፤ እሁድም አለፈ። እስረኛ ሲገባ በሚሞላው ቅጽ ላይ ከዚህ ቀደም ራሷን ለማጥፋት መሞከሯ ተጽፏል። ያን የጻፈ እጅ ወረቀቱን ለማን አቀበለው? በልዩ ጥበቃ ሥር አላደረጓትም። ሰኞ ጁላይ 13 ጠዋት በክፍሏ ሞታ ተገኘች። በኋላ የቴክሳስ የእስር ቤቶች ደረጃ ኮሚሽን ሁለት ጉድለት መዘገበ፤ ጠባቂዎቹ የአእምሮ ጤና ሥልጠና መውሰዳቸው በማስረጃ አልተደገፈም፣ እስረኞችንም ቢያንስ በየ60 ደቂቃው በዓይን ማየት ሲገባቸው አላዩም።

ሕዝቡ ግን የተከራከረው ስለ ቪዲዮው ነበር። መጀመሪያ የተለቀቀው ቅጂ ላይ መኪና ብቅ ብሎ ይጠፋል፣ አንዱ ትዕይንት ይደጋገማል፤ የፖሊስ መሥሪያ ቤቱ ቪዲዮው ኢንተርኔት ላይ ሲጫን የተፈጠረ ችግር ነው ብሎ እንደገና ለቀቀው። ስትያዝ የተነሳችውን ፎቶ የሬሳ ፎቶ ነው ያሉም ነበሩ። የተጠራጠረውን ሰው አልወቅስም፤ አደባባይ ላይ የተንገላታች ሴት በሦስተኛው ቀን ሬሳ ሆና ስትወጣ የማይጠራጠር ልብ ደንዝዟል። ነገር ግን አስክሬኑን የመረመሩት የሐሪስ ካውንቲ ባለሙያዎች ራሷን አጥፍታለች ብለዋል፤ ይህን የሚሽር ማስረጃ እኔ አላየሁም። የጠየቅኸኝ መልስ ይኸው፤ ግን እዚህ ላይ አታቁመኝ።

አማርኛችን ለዚህ አንድ ቃል አለው፤ አደራ። በሩን ከውጭ የቆለፈ ሰው አደራ ተቀብሏል። የሰው ከብት ልትጠብቅ ተረክበህ ገደል ቢገባ «ራሱ ገባ» ብለህ ወደ ባለቤቱ አትመለስም፤ አንተስ የት ነበርክ ትባላለህ። «ራሷን ገደለች» የሚለው መልስ እውነት ቢሆን እንኳ የቅጹን፣ የ60 ደቂቃውን፣ የ500 ዶላሩን ጥያቄ አይመልስም። «ገደሏት» ብለው የጮኹትም ሳያስቡት ጠባቂዎቹን አግዘዋቸዋል፤ ያልተገኘ ገዳይ ሲፈለግ፣ ሰዓቱን ሳያይ ያሳለፈው ሁሉ ንጹሕ ሰው መሰለ።

ፍጻሜውን ባጭሩ ልንገርህ። ክስ ይመሥረት አይመሥረት የሚለውን የሚወስነው የዜጎች ጉባኤ (ግራንድ ጁሪ) በዲሴምበር 2015 በሞቷ ማንንም አልከሰሰም። ፖሊሱ በጃንዋሪ 2016 ከመኪና ያስወረድኳት ሥራዬን በደኅና ለመሥራት ነው ብሎ በመጻፉ በሐሰት ቃል ተከሰሰ፤ ዳግመኛ ፖሊስ እንዳይሆን ቃል ገብቶ በጁን 2017 ክሱ ተቋረጠ። ቤተሰቧ 1.9 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ተቀበለ። በስሟ የወጣው የቴክሳስ ሕግ ከሴፕቴምበር 2017 ጀምሮ በእስር ቤት የሞተን ሰው ጉዳይ ሌላ ገለልተኛ የፖሊስ ተቋም እንዲመረምር ያዛል። በገንዘብ ብቻ በሚያስቀጣ ጥፋት ማሰርን የሚገድበው አንቀጽ ግን ረቂቁ ላይ ቢኖርም ሳይጸድቅ ወጣ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄኛው ነው። በ2019 ደግሞ ራሷ በስልኳ የቀረጸችው 39 ሰከንድ ወጣ፤ ቴዘሩ ፊቷ ላይ ተደግኖ ይታያል።

አሁን ወደ ባጃጁ ልምጣ።

እዚህ ትራፊክ ሲያስቆመው ጥፋቱ የደንብ ከሆነ የሚጻፍበት የክስ ወረቀት ነው። መንጃ ፈቃዱን ይይዙበታል፤ አንዳንዴም ታርጋ ይፈታሉ፤ ከፍሎ ያስመልሳል። በዚህ የሚታደርበት ምክንያት የለም። ማደር የሚመጣው ከወረቀቱ በኋላ በሚወጣው ቃል ነው። «ፖሊስ ሰድቧል፣ ሥራ አደናቅፏል» ከተባለ ጉዳዩ ከትራፊክ ወጥቶ ወደ ጣቢያ ይሄዳል። ልክ እንደ ሲጋራው። ስለዚህ ወረቀቱን ተቀብሎ፣ የተጻፈበትን ሰዓትና ቦታ አይቶ፣ ዝም ብሎ ይሂድ። ቅሬታውን በማግሥቱ በጽሑፍ ያቅርብ።

ጣቢያ ከገባ ግን ሰዓት መቁጠር ያስፈልጋል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ምክንያቱ በሚገባው ቋንቋ ወዲያው እንዲነገረው፣ ላለመናገር መብት እንዳለው፣ በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። ከ48 ሰዓቱ የሚቀነሰው ወደ ፍርድ ቤት ለመጓዝ የሚበቃ ጊዜ ብቻ ነው፤ ቅዳሜና እሁድ አይቀነስም። ዓርብ ማታ የተያዘን ሰው ሰኞ ይቀርባል ብሎ የሚመልሳችሁ ተረኛ የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አዳማ ውስጥ ቃሉ የሚጻፈው በኦሮምኛ ነው፤ ወንድምህ ኦሮምኛ ማንበብ ስለማይችል ተነቦለት ሳይረዳው አይፈርም። በጉዳዩ ቀላልነት ፖሊስ ራሱ በዋስ ሊለቀው ይችል እንደሆነ መርማሪውን መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ዋስ የሚሆን ሰው መታወቂያውን ይዞ ከቤተሰቡ ጋር አብሮ ይሂድ። 48 ሰዓት አልፎ ዳኛ ካላየ ደግሞ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ አለ፤ የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 177 ጀምሮ ያስቀምጠዋል። ማን፣ የት፣ ከመቼ ጀምሮ እንደያዘው በመሐላ ተጽፎ ለፍርድ ቤት ይገባል።

ከሁሉም በላይ ግን ስንቁን አደራ። ቴክሳስ በየ60 ደቂቃው በዓይን ይታይ ያለችውን፣ በእኛ አገር በቀን ሦስቴ የሚሠራው ስንቅ አቀባይ ነው። ብዙው ሰው የሚሳሳተው በር ላይ ነው፤ ምሳ ዕቃውን ለጠባቂ አቀብሎ «ደርሶታል» ሲባል ይመለሳል። ምሳ ዕቃ ሲመለስ ክዳኑን እዚያው ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል። እንጀራው እንደተጠቀለለ፣ ወጡ ጠርዙ ላይ ደርቆ ከተመለሰ፣ ያ ሰው ወይ ታሟል፣ ወይ ተዛውሯል፣ ወይ መብላት የማይችልበት ነገር ደርሶበታል። ያኔ ሳያዩት አይመለሱም። አንቀጽ 21 የትዳር ጓደኛ፣ የቅርብ ዘመድ፣ ጓደኛ፣ የሃይማኖት አባት፣ ሐኪምና ጠበቃ እንዲጎበኙት ይፈቅዳል። ሲያዩትም ፊቱን ብቻ አይዩ፤ ሲራመድ፣ እጁን ሲያነሳ፣ ሲቀመጥ ይዩት። የገባበትን ሰዓትና በገባ ጊዜ የሰውነቱን ሁኔታ መዝገቡ ላይ ማስጻፍ፣ የሚወስደው መድኃኒት ካለም ከነማዘዣው ሰጥቶ የተረከበውን ሰው ስም መያዝ ነው።

የሚቀጥለውን ለማንም አያድርስ ብዬ እጽፈዋለሁ። ሰው በእስር ላይ ከሞተ ልማዳችን ራሱ ማስረጃ ያጠፋል። ቀብር በዕለቱ ይሁን እንላለን፣ ገላ ይታጠባል፣ ይገነዛል። ሳይመረመር ከታጠበ በቆዳና በጥፍር ሥር የነበረው ሁሉ ሄደ። አስክሬን ከመረከብ በፊት ምርመራ እንዲደረግ በጽሑፍ መጠየቅ፣ የማመልከቻውንም ቅጂ ማስቀረት ያስፈልጋል። ለዚህ ሥራ ለብዙ ዓመታት ከየክልሉ አስክሬን የሚላከው አዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ነበር፤ መንገዱ ቀብሩን ቢያዘገየውም ይታገሡት። ከሞት በኋላ ደም ወደ ታች ይወርድና ቆዳ ላይ ጥቁረት ይሠራል፤ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ግድም ረግቶ ይቀራል። በጀርባው ተኝቶ ተገኘ የተባለ ሰው ጥቁረቱ ሆዱ ላይ ከሆነ፣ ከሞተ በኋላ አንድ ሰው አገላብጦታል። የጥልቅ ምት ምልክት ደግሞ በማግሥቱ ጎልቶ ሊወጣ ስለሚችል ባለሙያው ሁለተኛ ቀን ቢያየው ይጠቅማል። ታነቀ ከተባለ ቋጠሮው አይፈታም፤ ከቋጠሮው ርቆ ተቆርጦ እንዳለ ይቀመጣል፤ የቋጠሮው ዓይነትና የአንገቱ ምልክት አቅጣጫ ብዙ ይናገራሉና። ልብሱም በፌስታል ሳይሆን በወረቀት ይታሸጋል፤ ፌስታል ውስጥ እርጥበት ይታፈንና ደሙ ይሻግታል። በፈረንጆች 2016 የታደሰው የተባበሩት መንግሥታት የሚኒሶታ ፕሮቶኮል፣ ማለትም አጠራጣሪ ሞት እንዴት እንደሚመረመር የሚናገረው መመሪያ፣ ሰው በእስር ላይ ሲሞት ተጠያቂነቱ የመንግሥት እንደሆነ ተገምቶ ምርመራው እንዲጀመር ይላል። ለኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በሚገባው አቤቱታ ላይ ይህን መጥቀስ ይቻላል።

ታናሽህን እኔም እመክረዋለሁ፤ አንተ ስትነግረው ግን ይበልጥ ይሰማል። የአስሙን ነገር አስቤ ነበር፤ አሁን የሚወስደው የትኛውን መድኃኒት እንደሆነና ማዘዣው ማን ጋር እንዳለ ጠይቀህ ጻፍልኝ። ሁለት ኮፒ አስነስቼ አንዱን ባጃጁ ውስጥ፣ አንዱን እናትህ ዘንድ አስቀምጣለሁ። እናትህ ደኅና ናቸው፤ ጉልበታቸውን ትንሽ ያማቸዋል እንጂ ቡናው እንዳለ ነው። እሁድ ስሄድ ስልኩን እሰጣቸዋለሁ፤ በእኛ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ደውል።

ወንድምህ