ጉዳዩ፦ አምራቹ አትሞት እናንተ ስለመለሳችሁት ኩፖን

ለሱፐርማርኬቱ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ንዴቴ ከበረደ በኋላ ነው። ሁለት ቀን ጠበቅሁ። ቅዳሜ ማታ ብጽፈው ኖሮ ከአፌ ምን እንደሚወጣ እኔም እንጃ።

መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁ። ከናንተ ዘንድ ለዓመታት የገዛሁ ሰው ነኝ። ለኩፖን፣ ለቅናሽ ወረቀት ማለቴ ነው፣ ግን አዲስ ነኝ፤ ከጀመርኩ ገና ስምንት ወር ነው። ከዚያ በፊት መቀስ ይዞ ቅናሽ የሚቆርጥ ሰው ሳይ በሆዴ እስቅ ነበር። ሰልፍ ላይ ከፊቴ ወረቀት የሚቆጥር ካለ ቶሎ ብዬ ሌላ ሰልፍ እፈልግ ነበር። ጡረታ ስወጣ ሳቁም አብሮኝ ጡረታ ወጣ። ገቢዬ ሲቀንስ አስቤዛው አልቀነሰም።

ያስተማሩኝ ጎረቤቴ ናቸው። እማማ ነው የምላቸው። አንድ ቀን ደረሰኜን ተቀብለው አዩና፣ «አንተ ልጅ፣ ይሄን ሁሉ ከፍለህ ነው?» አሉኝ። ልጅ የሚሉኝ እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ደስ ይለኛል። ከመሳቢያቸው አንድ ያረጀ ፖስታ አወጡ። በውስጡ ኩፖኖቹ በቀን ተደርድረዋል። ቶሎ የሚያበቃው ከፊት፣ የሚቆየው ከኋላ። ፖስታው ላይ በእርሳስ የተጻፈ አንድ መስመር አለ፦ «ኩፖን ስላለህ አትግዛ፤ ለምትገዛው ኩፖን ፈልግ።»

ይህች መስመር ቀላል ትመስላለች። እኔ ግን በመጀመሪያው ወር ተሸወድኩባት። ቅናሽ አገኘሁ ብዬ ሦስት ጠርሙስ የመስታወት ማጽጃ ገዛሁ። ቤቴ ያለው መስኮት አራት ነው። ማጽጃው እስካሁን አላለቀም።

ቀስ እያልኩ ገባኝ። ዋጋን በጥቅሉ ሳይሆን በኪሎ ወይም በሊትር ማወዳደር ተማርኩ። ስሙ የገነነ የልብስ ሳሙና 100 ቢሆንና 15 በመቶ ኩፖን ቢኖረኝ 85 እከፍላለሁ። ከጎኑ ያለው፣ ክብደቱ እኩል የሆነው፣ ያለ ምንም ኩፖን 78 ከሆነ ግን ያቺ ወረቀት የምትጠቅመው እኔን አይደለም። ደግሞ ኩፖን በያዝኩ ማግስት መሮጥ እንደሌለብኝ ተማርኩ። ዕቃው ራሱ በመደርደሪያው ላይ እስኪቀንስ ጠብቆ፣ ኩፖኑን ያኔ ማውጣት ነው ጥበቡ። ሁለቱ ሲገጣጠሙ ነው እውነተኛው ቁጠባ ያለው።

ከሁሉም በላይ ትንሿን ጽሑፍ ማንበብ ተማርኩ። መነጽር አውልቆ፣ ወረቀቱን አስጠግቶ፣ ቃል በቃል። ጸባችን የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። እኔ አንብቤያለሁ። የናንተ ሰዎች አላነበቡም።

ቅዳሜ የሆነው እንዲህ ነው። አራት እሽግ የልብስ ሳሙና ያዝኩ። ለአራቱም አራት ኩፖን አለኝ። ኩፖኑ ላይ «በአንድ ዕቃ አንድ ኩፖን» ይላል። አራት ዕቃ፣ አራት ኩፖን። ሒሳቡ የሚያከራክር አይመስለኝም ነበር። ካሸሯ የመጀመሪያውን ተቀበለች። ሁለተኛውን ስታስነካ ማሽኑ ጮኸ።

«ጋሼ፣ ይሄ አይሰራም» አለችኝ።

«ለምን ልጄ?»

«በቀን ለአንድ ሰው አንድ ነው።»

ወረቀቱን አሳየኋት። «በአንድ ዕቃ» ነው የሚለው እንጂ «በአንድ ሰው» አይልም፤ «በአንድ ግዢ»ም አይልም። እነዚህ ሦስቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው በያዝኩት ዕቃ ልክ ይቆጠራል። «በአንድ ግዢ» ካለ በአንድ ደረሰኝ አንድ ብቻ ነው፤ «በአንድ ሰው» ካለ ደግሞ ደረሰኝ ብቀያይርም አይሰራልኝም። ኩፖን የሚጠቀም ሰው ልዩነቱን በመጀመሪያው ሳምንት ያውቀዋል። ልጅቷ ግን ማንም አልነገራትም። በእሷ አልፈረድኩም፤ ፊቷ ላይ ድካሙ ይታያል። ተቆጣጣሪው መጣ። ወረቀቱን ሳያይ ማሽኑን አየ። ከዚያም ያቺን የታወቀች ቃል ተናገረ።

«ሲስተሙ አይቀበለውም።»

መቼም ይህች «ሲስተም» የምትባል ነገር የማትችለው የለም። ማን እንደጻፋት፣ ማን እንደሚያርማት፣ ማን እንደሚጠየቅባት የሚታወቅ ነገር የለም። ተቆጣጣሪውም ከእኔ እኩል ይፈራታል።

ቤቴ ስገባ ነገሩን ትንሽ አጠናሁት። ጊዜ አለኝ፤ ጡረተኛ ነኝ። ማሽኑ የሚያነበው ባለ መስመር ምልክት ባርኮድ ይባላል፤ በዓለም አቀፉ የባርኮድ አሠራር ከ990 እስከ 999 ያሉት መነሻ ቁጥሮች ለኩፖን የተለዩ ናቸው። የእኔ ኩፖን ባርኮድ የሚጀምረው በ99 ነው። ስለዚህ ማሽናችሁ ኩፖን መሆኑን አውቋል። ያላወቀው ስንት ጊዜ መቀበል እንዳለበት ነው። እሱን ደግሞ ማሽኑ ከራሱ አያመነጨውም፤ ከናንተ ቢሮ የሚቀመጥ ሰው ነው የሚሞላለት። በሱፐርማርኬት ሒሳብ መክፈያ ላይ በባርኮድ የተሸጠው የመጀመሪያው ዕቃ አንድ እሽግ ማስቲካ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1974፣ በኦሃዮ ግዛት በትሮይ ከተማ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ማሽኑ የነገሩትን ከማንበብ ቦዝኖ አያውቅም። የሚሳሳተው ነጋሪው ነው።

ወደ ቅዳሜዋ ሰልፍ ልመለስ። ከኋላዬ ሰባት ሰው ተሰልፏል። አንዱ እንደድሮው እኔ ትንፋሹን በኃይል እያስወጣ ሌላ ሰልፍ ይፈልጋል። ፊቴ ፍም መሰለ። ሌባ የተያዘ ነው የሚመስለው። ሦስቱን እሽግ ትቼ ወጣሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። እነዚያ ኩፖኖች የአምራቹ ናቸው፤ የመደብራችሁ አይደሉም። ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። የአምራች ኩፖን ስትቀበሉ ከካዝናችሁ የሚጎድል ነገር የለም። ወረቀቱን ትሰበስባላችሁ፣ ትልካላችሁ፣ አምራቹ የቀነሳችሁትን ይመልስላችኋል። ብዙ ጊዜ ለድካማችሁም ትንሽ ይጨምርላችኋል። የራሳችሁ ኩፖን ቢሆን ቅናሹ ከትርፋችሁ ላይ ነውና መጠንቀቃችሁ ይገባኛል። ይህ ግን ሌላ ሰው የከፈለበት ቅናሽ ነው። መንገድ ላይ ዘጋችሁት።

ሁለተኛው ነገር ደረሰኙ ነው። ባለፈው ወር አንድ ዕቃ ላይ ሁለት ቅናሽ ነበረኝ፤ አብረው እንደሚሠሩ ራሳችሁ በበራሪ ወረቀታችሁ አውጃችኋል። አንዱ 20 የሚቀንስ ነው፣ ሌላው 10 በመቶ። ዋጋው 100 ነው እንበል። ማሽናችሁ መጀመሪያ 20ውን ቀነሰ፣ 80 ቀረ። ከ80ው ላይ 10 በመቶ አነሳ፣ 72 አስከፈለኝ። በራሪ ወረቀታችሁ ግን «የመቶኛ ቅናሹ የሚሰላው በመለያው ዋጋ ላይ ነው» ይላል። በዚህ ከሄድን 10 በመቶው 10 ነው፤ 100 ሲቀነስ 10፣ ሲቀነስ 20፣ መክፈል የነበረብኝ 70 ነው። የሁለት ልዩነት ምንም አይደለችም ትሉ ይሆናል። ለእኔ ምንም አይደለችም። በቀን ስንት ሰው እንደሚያልፍ የምታውቁት ግን እናንተ ናችሁ።

ሦስተኛው «እስከ» የምትለው ቃል ናት። ኩፖኑ «እስከ 30» ይላል። በ30 መጣሁ። «ትናንት አብቅቷል» ተባልኩ። ለመሆኑ «እስከ 30» ማለት 30ን ይጨምራል ወይስ አይጨምርም? ሌላው ካሸር ባለፈው ጊዜ በዚሁ ቃል፣ በመጨረሻው ቀን ተቀብሎኛል። በአንድ መደብር ውስጥ ሁለት ሰዋስው አለ ማለት ነው። «30ን ጨምሮ» ብሎ መጻፍ ምን ያህል ቀለም ይፈጃል?

ዕቃው በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ማለቁን አላነሳውም። «ዕቃው እስካለ ድረስ» ብላችሁ ጽፋችኋልና አፌን ዘግታችሁታል። ሌሎች መደብሮች ዕቃው ሲያልቅባቸው፣ ተመልሶ ሲመጣ በዚያው ቅናሽ ለመግዛት የሚያስችል ወረቀት እንደሚሰጡ ግን ጣል አድርጌ ልለፍ።

አሁን ወደሚከነክነኝ ልምጣ። ከዚህ በላይ ያለው ሁሉ የኔ ጉዳይ ነው፤ እኔ ደግሞ መከራከር እችላለሁ።

ካለፈው ሦስት ወር ጀምሮ ጥሩ ጥሩ ቅናሾቻችሁን ከወረቀት አውጥታችሁ በስልክ መተግበሪያ ውስጥ አስገብታችኋል። መደርደሪያው ላይ በትልቁ አዲሱ ዋጋ ይለጠፋል። ከሥሩ፣ ጉንዳን በምታህል ፊደል፣ «በመተግበሪያው ብቻ» ይላል። እማማ ዋጋውን አዩ፤ ጉንዳኗን አላዩም። ዕቃውን ይዘው ሰልፍ ጠብቀው ሲደርሱ ሙሉ ዋጋ ተጠየቁ። የእሳቸው ስልክ ይደውላል፣ ይደወልለታል፤ ሌላ ሥራ የለውም። ካሸሩ «እማማ፣ አፑን ያውርዱ» አላቸው። በትሕትና ነው ያላቸው፤ እሱንም አልወቅስም። እሳቸው ግን «ከየት ነው የማወርደው?» ብለው መደርደሪያውን ቀና ብለው አዩ።

ሰው ሳቀ። እሳቸውም አብረው ሳቁ። ቤት ሲገቡ ግን ፖስታውን ለኔ ሰጡኝ። «አንተ ተጠቀምበት፣ እኔን አልፎኛል» አሉኝ።

አንጀቴን የበላው ይህ ነው። ከናንተ ደንበኞች ሁሉ ቅናሹ በጣም የሚያስፈልጋቸው እሳቸው ናቸው። ሕጋችሁን ከናንተ ሠራተኞች በላይ የሚያውቁትም እሳቸው ናቸው። ስንት ዓመት መቀስ ይዘው የናንተን በራሪ ወረቀት ያነበቡ ሰው፣ ስልካቸው ስላረጀ ብቻ ከጎናቸው ከቆመው ወጣት በላይ ይከፍላሉ። ለአንዱ ዕቃ ሁለት ዋጋ ወጥቶለታል። ውዱን የሚከፍለው ደግሞ አቅም የሌለው ነው።

«ኩፖን እኮ ስጦታ ነው፣ ሲሰጥህ ተቀበል» የሚለኝ ሰው አላጣሁም። እኔ ስጦታ ነው ብዬ አላምንም። ኩፖን እናንተን እንድመርጥ የተከፈለ ዋጋ ነው። ኮካ ኮላ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ላይ አንድ ብርጭቆ በነጻ የሚያስጠጣ ወረቀት ሲያድል ለጽድቅ አልነበረም፤ ሰው መጠጡን እንዲለምድለት ነው። ሰውም ለመደለት። በአንጻሩ ጄሲ ፔኒ የተባለው የአሜሪካ መደብር እ.ኤ.አ. በ2012 ኩፖንን ትቶ «ሁልጊዜ አንድ ዋጋ» አለ። በዚያው ዓመት ሽያጩ በሩብ ያህል ወደቀ። ኩፖኑም ብዙ ሳይቆይ ተመለሰ። ስለዚህ እባካችሁ፣ ወረቀቱን ስዘረጋ እጄን ለልመና እንደዘረጋሁ አትዩኝ። የጠራችሁኝ እናንተ ናችሁ።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ቅዳሜ የተመለሱብኝ ሦስት ኩፖኖች በተጻፈባቸው መሠረት ይስተናገዱልኝ። ያለፈው ወር ደረሰኝ እንደገና ይሰላ፤ የሌሎቹም ሰዎች ጭምር። የኩፖን ደንባችሁ በአንድ ገጽ ተጽፎ በየሒሳብ መክፈያው ይቀመጥ፤ ካሸሯ ከማሽኑ ጋር ብቻዋን አትተው። ደንቡና ማሽኑ ሲጣሉ ደንቡ እንዲያሸንፍ ለተቆጣጣሪው ሥልጣን ስጡት። በመተግበሪያው ያለው ቅናሽ ደግሞ ስልክ ለሌለው ሰው በወረቀት ወይም በመክፈያው ላይ በቃል ይሰጥ። ካሸሩ አንድ ቁልፍ ተጭኖ የሚያስገባው ነገር ነው። ከባድ ነው ካላችሁኝ፣ ከባዱ ምኑ ላይ እንደሆነ በደብዳቤ አስረዱኝ። ለስልኬ አጭር መልእክት አትላኩልኝ።

መልሳችሁን በ15 ቀን ውስጥ እጠብቃለሁ። ካልመጣ ወደ ሸማቾች ጥበቃ ቢሮ እሄዳለሁ፤ ማስፈራሪያ አይደለም፣ እንዳልኳችሁ ጊዜ አለኝ።

ከዚህ ጋር የሁለት ደረሰኝ፣ የበራሪ ወረቀታችሁና የሦስቱ ኩፖኖች ቅጂ አያይዣለሁ። ዋናዎቹን ኩፖኖች አላያያዝኩም። ጊዜያቸው እስኪያልፍ ገና 19 ቀን ይቀራቸዋል፤ በእማማ ፖስታ ውስጥ ከፊት ተቀምጠዋል።

ከሰላምታ ጋር፣
የቅዳሜው ባለ አራት ሳሙና ደንበኛችሁ