ለፕሬዚዳንትነት ለምትወዳደሩ እህቶች

ውድ እህቶች፣

በዋሽንግተንና በአካባቢው በየሶሮሪቲያችሁ (የሴት ተማሪዎች የእኅትነት ማኅበር) ቅርንጫፍ ምርጫ እየደረሰ ስለሆነ፣ ለዕጩዎች ጥቂት ልበል።

«እኅትነታችንን አጠናክራለሁ» የሚለውን ንግግር በየዓመቱ እንሰማለን። እኔም ብዬዋለሁ፤ ተጨበጨበልኝ፣ ተመረጥሁ። በመጀመሪያው ስብሰባ ወንበሩ ላይ ስቀመጥ ግን ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ።

ግብ ቀን ይኑረው። በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ዴልታ ሲግማ ቴታን የመሠረቱት 22 ተማሪዎች ማኅበሩን ጃንዋሪ 1913 አቋቁመው፣ ሁለት ወር ሳይሞላ ማርች 3 ቀን ለሴቶች የመምረጥ መብት በተደረገው የዋሽንግተን ሰልፍ ወጡ።

ስለዚህ ንግግር ከመጻፋችሁ በፊት የገንዘብ ያዥዋን መዝገብ ጠይቃችሁ ተመልከቱ። መዋጮ ያልከፈሉት ስንት ናቸው? ለምን? በእኛ ቅርንጫፍ ከእሑድ ማታው ስብሰባ የቀሩት አብዛኞቹ በዚያ ሰዓት ሥራ የሚገቡ ነበሩ፤ እኛ ግን ስንፍና መስሎን ስናማቸው ከርመናል። «እስከ ኦክቶበር መጨረሻ መዋጮው በሦስት ጊዜ እንዲከፈል፣ ስብሰባውም ወደ ረቡዕ እንዲዛወር ለድምፅ አቀርባለሁ» ማለት ይቻላል። ሁለት እንዲህ ያሉ ግቦች ለአንድ ዓመት ይበቃሉ፤ በመካከል ፈተናም አለ።

ረቂቋን እስከ ዓርብ ለምትልክልኝ አነብላታለሁ።