ጥቁር ውሃ አፉ ላይ

ሐዋሳ፣ ጥቅምት

ለልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ ደህና ነን። እናትሽ በርበሬዋን አስጥታ ሰማይ ሰማይ እያየች ነው።

ባለፈው በስልክ፣ ጉማራ ወንዝ ጣና የሚገባበት ቦታ ለትምህርት እንደወሰዷችሁ ነግረሽኝ፣ «አባዬ፣ እኛንስ ለምን አንድ ቀን ጥቁር ውሃ ወንዝ ሐዋሳ ሐይቅ የሚገባበት አልወሰድከንም?» አልሽኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬ አለፍኩት። ዋሽቼሻለሁ።

አንቺ ሳትወለጂ ዓሣ አጠምድ እንደነበር ታውቂያለሽ። መረባችን ዓይኑ ጠባብ ነበር። ሌላው ሐይቁ መሃል ሲለፋ፣ እኛ ማታ ማታ ወንዙ ሐይቁን የሚቀላቀልበት ጋ፣ ደንገሉና ፊላው ሥር እንጥላለን። ዓሣው እዚያ ነዋ! ቆሮሶ የምንላት ዓሣ ጥልቀት የሌለው ውሃ ትወዳለች፤ ልጆቿም ሣሩ ውስጥ ይደበቃሉ። አንድ ሌሊት አንዷን ከመረቡ ሳላቅቅ፣ ከአፏ ምስር ምስር የሚያካክሉ ነገሮች ጀልባው ወለል ላይ ፈሰሱ። የታመመች መስሎኝ ነበር። ለካ ዕንቁላሏንም ልጆቿንም አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምታሳድገው። በመዳፌ አፍሼ ውሃው ውስጥ መለስኳቸው። እናትየውን ግን ሸጥኳት።

ቅዳሜ ዕለት ጀልባ ለምኜ ሄድኩ። ጉማሬዎቹ አሉ፤ ጆሮና አፍንጫ ብቻ ነው ያሳዩኝ። ትልቁ አሞራ፣ አባ ኮዳ፣ ብዙም የለም። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ሆድ ዕቃ እየተወረወረለት ለምን ይልፋ? ያቺ ቅጠል ላይ የምትራመደዋን ባለረጅም ጣት ወፍ ግን በደንብ አየኋት። ከነሱ ዕንቁላል የሚታቀፈው አባትየው ነው አሉ። አደጋ ሲመጣ ጫጩቶቹን ክንፉ ሥር ሸጉጦ ይሄዳል፤ እግራቸው ብቻ ተንጠልጥሎ ይታያል። ለእናትሽ ብነግራት «ተማር» አለችኝ።

ያላማረኝ ውሃው ነው፤ ደፍርሷል። ሐይቃችን መውጫ ወንዝ የለውም፤ ጥቁር ውሃ ያመጣው ደለል እዚሁ ይቀራል። ድሮ ከተራራው የሚታጠበውን አፈር መንገድ ላይ ያስቀረው የነበረው ጨለለቃ ነው። እሱም ሐይቅ ነበር፤ ዛሬ ከብት ይግጥበታል። አሁን የቀረን አፉ ላይ ያለው ደንገልና ፊላ ነው። እሱንም ለመኖ ያጭዱታል።

ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ መመዝገቡን ነግረሽኛል። ባርበስ የሚባሉት የጣና ዓሦች ክረምት ላይ ሊራቡ ወደ ጉማራና ርብ ሲወጡ ወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ፣ አጥማጁም ይህን ስለሚያውቅ መረቡን እዚያው ይዘረጋል ስትይኝ ዝም ያልኩት ለዚህ ነው። ራሴን አየሁት። ግን አንድ ነገር ጠይቂልኝ። በመራቢያው ወራት የወንዙ አፍ ለአጥማጅ ይዘጋ ሲባል፣ አጥማጁ እነዚያን ወራት ምን ይበላል ይላሉ መምህሮችሽ? እኔን ያኔ ቢከለክሉኝ እሺ አልልም ነበር። የቤት ኪራይ ነበረብኝ።

ለገና ስትመጪ አብረን እንሄዳለን። ጠዋት 12 ሰዓት፣ ነፋሱ ሳይነሳ። ቦቲ ጫማሽን ይዘሽ ነይ።

አባትሽ