የነጣ ኮራል ገና አልሞተም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ቀይ ባሕር ኮራሎች ሲጻፍ «ነጥተው ሞቱ» የሚለው አባባል ይደጋገማል። ይህ ስህተት በቀላሉ መታለፍ የለበትም፤ የነጣ ኮራል ሊድን ይችላልና። ኮራል እንስሳ ነው። አብዛኛውን ምግቡን የሚያገኘው በሥጋው ውስጥ ከሚኖሩ ደቃቅ አልጌዎች ነው፤ ቀለሙም በአብዛኛው የእነሱ ነው። የውሃው ሙቀት ከዓመቱ ሞቃታማ ወር አማካይ በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ በልጦ ለ4 ሳምንት ገደማ ከቆየ አልጌዎቹ ጎጂ የኦክስጅን ውሁዶችን ያመነጫሉ፤ ኮራሉም ያስወጣቸዋል። ያኔ በስሱ ሥጋ ሥር ነጩ የኖራ አጽም ይታያል። ውሃው ቶሎ ከቀዘቀዘ አልጌው ይመለሳል፤ ከዘገየ እንስሳው በረሃብ ያልቃል።

ጠላቂዎች ሳይነኩ በዓይን ብቻ ሊለዩት ይችላሉ፦ ንጹሕ ነጭ ሆኖ ሥጋው ካለ በሕይወት አለ፤ ቡናማ ጸጉር መሰል አልጌ ከለበሰ አልቆለታል።

በሳዑዲ ዳርቻ እ.ኤ.አ. በ2010 እና በ2015 ብዙ ኮራል ነጥቷል። በቀይ ባሕር ሰሜናዊ ጫፍ፣ በእስራኤሏ ኤላት ከተማ በኩል ያሉት የአቃባ ባሕረ ሰላጤ ኮራሎች ግን ሙቀትን በመቻል ይታወቃሉ። ተመራማሪዎች ምክንያቱን ሲያስረዱ፣ ዘራቸው ከበረዶ ዘመን በኋላ በሞቃታማው ደቡባዊ ቀይ ባሕር በኩል ተጣርቶ ስላለፈ ነው ይላሉ። ይህን ጸጋ ፍሳሽ ሊያመክነው ይችላል፤ ናይትሮጅን ሲበዛ ኮራል ሙቀትን የመቋቋም አቅሙ ይዳከማል። ወደዚያ ለዕረፍት የምትወርዱ፣ እባካችሁ ኮራል ላይ አትቁሙ፤ ጀልባ የምትነዱም መልሕቅ ከመጣል ይልቅ በተዘጋጀው ተንሳፋፊ ማሰሪያ ተጠቀሙ።

ከአክብሮት ጋር